ላባ የሚለወጠው በሰው አገር ነው
በበጋ ጠዋት በጀበል ኩጁር ግርጌ ለቤተሰብ የሚሆን ቀላል የእግር ጉዞ



አባቶቻችን «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላሉ። ምሳሌው የሚነገረው ሰው በአደገበት ቋንቋና ልማድ የሚናገርና የሚኖር መሆኑን ለመግለጽ ነው። ታዲያ ሁለት አገር ያላት ወፍ እንደ የትኛው አገሯ ትጮኻለች? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል እንጂ መልስ ያለው ነው፤ መልሱንም በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ገደማ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ወፎቹን ራሳቸውን ማወቅ ይኖርብናል። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጁባ ከተማ በስተምዕራብ የሚታየው ድንጋያማ ተራራ፣ ጀበል ኩጁር፣ ይበቃናል።

«ጀበል» በዐረብኛ ተራራ ማለት ነው። «ኩጁር» ደግሞ በሱዳን ዐረብኛ ከመናፍስት ጋር ይነጋገራል፣ በሽታ ይፈውሳል፣ ዝናብ ያመጣል ተብሎ የሚታመንበት የባህል አዋቂ መጠሪያ ነው። የጁባ አካባቢ ነባር ነዋሪዎች የባሪ ሕዝቦች ናቸው፤ በመካከላቸውም ዝናብ ጠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ትልቅ ክብር ነበራቸው። በከተማይቱ ምሥራቅ የሚፈሰው ነጭ ዓባይ ሳይቀር በዚህ አካባቢ «ባሕር ኤል ጀበል» ይባላል፤ የተራራው ወንዝ ማለት ነው። ተራራውን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ግን በሌላ ነገር ነው። በግርጌው ሴቶችና ልጆች ጭምር ድንጋይ ፈልጠው፣ በመዶሻ አድቅቀው፣ ጠጠር ሸጠው ያድራሉ። በዚያ ድንጋይ መካከል ከሌላ አህጉር የመጡ እንግዶች እንደሚያርፉ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ክረምት የማን ነው?

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናስተካክል። «ወፎች በክረምት ወደ አፍሪካ ይሰደዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ስታነቡ ግራ ሳይገባችሁ አይቀርም። ለእኛ ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ነው። ሣሩ የሚለመልምበት፣ ወንዙ የሚሞላበት፣ ነፍሳት የሚበዙበት ወቅት ነው። ታዲያ ወፍ ከዚህ ሁሉ ለምን ይሸሻል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓና የሰሜን እስያ ክረምት ከእኛ የተለየ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ምድሩ በበረዶ ይሸፈናል፤ ውሃው ይረጋል። ቀኑም በጣም ያጥራል፤ በሰሜን ጀርመን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው ለስምንት ሰዓት እንኳ አይደለም። ዝንቡ፣ ጢንዚዛው፣ ትሉ ይሞታል ወይም ከመሬት በታች ይደበቃል። ወፏን ከአገሯ የሚያስወጣት እንግዲህ ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ላባዋ ብርድ ሊከላከልላት ይችላል። የሚያስወጣት የምግብ ማጣት ነው።

የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። ጁባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል የሚችል ነው። በኅዳር ዝናቡ ሲያቆም ሣሩ ይደርቃል፣ ረግረጉ መሸሽ ይጀምራል፤ ከሚሸሸው ውሃ ዳር ጭቃው በትልና በነፍሳት የተሞላ ነው። ከጁባ በስተሰሜን የሚገኘው የሱድ ረግረግ በዓለም ካሉት ታላላቅ ረግረጋማ ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከሰሜን ለሚመጣ ወፍ ሰሃራን ካቋረጠ በኋላ እንዲህ ያለ ማዕድ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

የመስቀል ወፍ ከየት ትመጣለች?

ለረጅም ጊዜ ያልታየ ሰው ብቅ ሲል «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንለዋለን። ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ በመስከረም ከሩቅ አገር መጥታ የምትመለስ ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን እንዲህ አይደለም። የመስቀል ወፍ እየተባሉ ከሚጠሩት መካከል ቢጫና ጥቁር፣ ወይም ቀይና ጥቁር ሆነው የሚታዩት ወንዶች ዓመቱን ሙሉ እዚያው አገር ውስጥ ናቸው። በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ስለሚሆኑ ማንም ልብ አይላቸውም። ዝናቡ ሲገባ፣ የመራቢያቸው ጊዜ ሲደርስ፣ አሮጌውን ላባ ጥለው ደማቁን ይለብሳሉ። እኛም «መጡ» እንላለን።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የጠፋ የመሰለን ሁሉ አልሄደም። ሁለተኛ፣ የወፍ ላባ እንደ ሰው ልብስ ያረጃል፤ በየጊዜውም መለወጥ አለበት። ይህን ሁለተኛውን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እውነተኞቹ መንገደኞች

ከእውነተኞቹ መንገደኞች መካከል ትልቁና የታወቀው ነጩ ሽመላ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አካሉ ነጭ፣ የክንፉ ጠርዝ ጥቁር፣ እግሩና ምንቃሩ ቀይ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በመጽሐፉ በምዕራፍ 8 ስለ መሄጃና ስለ መምጫ ጊዜ ሲናገር የጠቀሰው ይህንኑ ሽመላ ነው፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎችም በሰማይ ሲያልፍ ያዩት ነበር ማለት ነው።

ሽመላ ከባድ ስለሆነ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መሄድ አይችልም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሽመላው በዚያ አየር ላይ እየተሽከረከረ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ክንፉን ዘርግቶ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ሌላ ሞቃት አየር ሲያገኝ እንደገና ይወጣል። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሞቃት አየር እንደ ልብ ስለማይገኝ የሜዲትራኒያንን ባሕር በቀጥታ አያቋርጥም። በምሥራቅ አውሮፓ የሚፈለፈሉት ሽመላዎች በቱርክ በኩል ዞረው፣ በሶርያና በእስራኤል አድርገው፣ የሲናን በረሃ አቋርጠው፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። ከዚያ የቻሉት እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃሉ።

ሰዎች ይህን በአንድ ጊዜ አላወቁትም። በጥንት ዘመን አንዳንድ የአውሮፓ ሊቃውንት ወፎች በክረምት ጭቃ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን በሰሜን ጀርመን አንድ ሽመላ ተገደለ፤ አንገቱ ላይ የአፍሪካ ሰዎች የሚጠቀሙበት ረጅም ጦር እንደተሰካ ነበር። ቆስሎ፣ ጦሩን ተሸክሞ፣ በረሃውን አቋርጦ አገሩ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ያ ሽመላ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1899 ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር በወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ። ወፏ ሌላ አገር ስትገኝ ቁጥሯ ተነቦ ከየት እንደመጣች ይታወቅ ጀመር። ይህን ታላቅ ሥራ የጀመረው የትምህርት ቤት መምህር መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ ጀበል ኩጁር ድንጋዮች ስንመለስ፣ ከሽመላ ይልቅ የሚያስደንቀን አንድ ትንሽ ወፍ አለ። የአማርኛ ስም ስለሌለው በመልኩ «ነጭ ወገብ» እንበለው፤ ፈረንጆች ዊትኢር ይሉታል። ክብደቱ 25 ግራም ያህል ነው፤ የአንድ ዶሮ እንቁላል ግማሽ ማለት ነው። ገላጣ መሬትና ድንጋይ ይወዳል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይሮጣል፣ ይቆማል። ብድግ ብሎ ሲበር ወገቡ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ በአላስካ የሚፈለፈሉት የዚህ ዝርያ ወፎች መላውን እስያ አቋርጠው 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል በመብረር ክረምታቸውን በምሥራቅ አፍሪካ ያሳልፋሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት በወፎቹ ጀርባ ላይ ከ2 ግራም በታች የሚመዝን የብርሃን መመዝገቢያ መሣሪያ አስረው ነው። እንዲህ ያለ መንገደኛ ከእናንተ ጥቂት እርምጃ ርቆ ከድንጋይ ላይ ጉንዳን ሲለቅም ልታገኙት ትችላላችሁ።

መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?

ይህ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ለመነሳት ጊዜው መድረሱን የሚነግራቸው የቀኑ ርዝመት ነው። ቀኑ ማጠር ሲጀምር በሰውነታቸው ውስጥ ለውጥ ይመጣል፤ አብዝተው ይበላሉ፣ ስብ ያከማቻሉ። አንዳንድ ትናንሽ ወፎች ሰሃራን ከማቋረጣቸው በፊት ክብደታቸው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ያ ስብ ስንቃቸው ነው።

አቅጣጫውን በፀሐይ፣ በከዋክብትና በመሬት መግነጢሳዊ ኃይል ያውቁታል። ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሩት በሌሊት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከዋክብቱም ይታያሉ። ቀን ላይ አርፈው ይመገባሉ። ትውልዱ መንገዱን የሚማርበት ሁኔታ ግን እንደ ዝርያው ይለያያል። የአውሮፓው ኩኩ ወላጆቹን አያውቅም፤ በሌላ ወፍ ጎጆ አድጎ፣ ወላጆቹ ቀድመውት ከሄዱ በኋላ ብቻውን ተነሥቶ አፍሪካ ይደርሳል። አቅጣጫው በደሙ ውስጥ ነው። የሽመላ ጫጩት ግን መንገዱን የሚለምደው ታላላቆቹን ተከትሎ ነው። ታላላቆቹ ባይኖሩ ብዙ ጊዜ ይስታል።

የእግር ጉዞው

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ። ይህ ተራራ መውጣት አይደለም። በግርጌው፣ በለጋው ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ቀስ ያለ እርምጃ ነው። አያትም፣ የስድስት ዓመት ልጅም ሊሄዱት ይችላሉ። ወራቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ይመረጣሉ። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ለመስጊድ ይቀራል።

ከመነሣታችሁ በፊት ለካምፑ አስተዳደር ማሳወቅና መታወቂያ ወረቀት መያዝ አትርሱ። ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ሆናችሁ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፀጥታው ካልታመነ ጉዞው ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ወፎቹ እስከ መጋቢት አሉ።

የሚያዝ ነገር ብዙ አይደለም። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ ራስ መሸፈኛ ነጠላ ወይም ባርኔጣ፣ የተዘጋ ጫማ፣ ለልጆች የተቆላ ኦቾሎኒ፣ አንድ ደብተርና እርሳስ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል።

ተራራው ግርጌ መድረስ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ትናንሾቹ ወፎች ተርበው ምግብ ፍለጋ ላይ ናቸው። እስከ 2 ሰዓት ድረስ መሬቱንና ቁጥቋጦውን ተመልከቱ። ከ3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ደግሞ ዓይናችሁን ወደ ሰማይ አንሡ፤ አለቱ ሲሞቅ ሞቃቱ አየር መነሣት ስለሚጀምር ጭልፊቶችና አሞራዎች፣ ዕድል ከቀናም ሽመላዎች፣ እየተሽከረከሩ ሲወጡ ይታያሉ። 4 ሰዓት ሳይሆን ወደ ቤት ተመለሱ። የጁባ የበጋ ፀሐይ በተለይ በየካቲት ለሕፃንና ለሽማግሌ አይቻልም።

አሁን ደግሞ በጥብቅ የማሳስበው ነገር አለ። ይህ አካባቢ ጦርነት አይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2005 በነበረው ረጅም ጦርነት በጁባ ዙሪያ ፈንጂ ተቀብሯል። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በተራራው አቅራቢያ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ተጠልለዋል፤ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ.ም በዚሁ አካባቢ ከባድ ውጊያ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የፈንጂ ማስወገጃ ባለሙያዎች ብዙ ቦታ አጽድተዋል፤ ቢሆንም የሚከተሉትን ሕጎች ማንም እንዳይጥስ።

1ኛ. ሰውና ከብት በየቀኑ ከሚመላለስበት ከተረገጠ መንገድ አትውጡ፤ ወፍ ለመከተል ብላችሁም ቢሆን።
2ኛ. የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አትርገጡ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት። ቦታውን ለታላቅ ሰው ንገሩ።
3ኛ. በቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ወይም ምልክት ያለበት ቦታ አደጋ ነው፤ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ።
4ኛ. ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ቦታና ከተቆረጠው ገደል ሥር አትቅረቡ። ጠጠር አምራቾቹን ሰላም ብላችሁ፣ አስፈቅዳችሁ እለፉ፤ ለእነርሱ ቦታው የእንጀራ ቦታ ነው።
5ኛ. ሞቶ የተገኘ ወፍ በእጃችሁ አታንሡ፤ በሽታ ሊኖረው ይችላል።

ምን ታያላችሁ?

ወፍ ለማየት ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ተቀመጡ፤ ለአሥር ደቂቃ አትንቀሳቀሱ። ወፍ ቆሞ ከሚጠቁም እጅ ይሸሻል፣ ተቀምጦ ዝም ያለን ሰው ግን ይረሳዋል። ወፍ ባያችሁ ቁጥር አራት ጥያቄ ጠይቁ። ከድንቢጥ፣ ከርግብና ከዶሮ የትኛውን ያህላል? ቀለሙ የት ላይ ምንድን ነው? ምንቃሩ ቀጭን ነው ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ነው ቆልማማ? ምን ያደርጋል? እነዚህን አራት ነገሮች ከጻፋችሁ ስሙን ባታውቁትም ወፉ አይጠፋባችሁም።

በገላጣው መሬት ላይ ነጭ ወገብን ፈልጉ። ከብቶች በሚሰማሩበት ቦታ ደግሞ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዘውዝ ቀጭን ወፍ ታያላችሁ፤ ሆዷ ቢጫ ነው፣ በከብቱ እግር መካከል እየሮጠች የሚነሡትን ነፍሳት ትለቅማለች። ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች ናት፤ 17 ግራም ያህል ትመዝናለች። በጥር ፈዛዛ ሆና ያያችኋትን በመጋቢት መጀመሪያ ብታዩአት ላባዋ ደምቆ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በአየር ላይ፣ ከራሳችሁ ብዙም ሳትርቅ፣ ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ጀርባዋ ጥቁር ሰማያዊ የሆነች ወፍ ስትቀዝፍ ልታዩ ትችላላችሁ። ፈረንጆች ስዋሎው ይሏታል። በአውሮፓ በከብት በረትና በቤት ጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆ ትሠራለች።

ከላይ የሚያንዣብበውን ጭልፊት ስታዩ ምንቃሩን አስተውሉ። ያደገው ጭልፊት ምንቃሩ ቢጫ ከሆነ የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ጥቁር ከሆነ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድ ሰማይ ላይ አብረው ይዞራሉ። ሣር ሲቃጠልም ከእሳቱ የሚሸሹትን አንበጣዎች ለመያዝ ጭልፊቶች ይሰበሰባሉ። አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለውን አባ ኮዳን ግን ከመንገደኞቹ ጋር አትቁጠሩት፤ እርሱ የዚሁ የአፍሪካ ሰው ነው።

እዚህ ሆነው ምን ያደርጋሉ?

አማርኛችን ሁለት ቃላት አሉት። አንዱ ፍልሰት ነው፣ አንዱ ስደት ነው። የወፎቹ ፍልሰት ነው። ቀን ቆጥረው ይሄዳሉ፣ ቀን ቆጥረው ይመለሳሉ። የእኛ ስደት እንዲህ አይደለም፤ የወጣንበትን ቀን እናውቃለን፣ የምንመለስበት ቀን ግን በእጃችን አልተጻፈም። ስለዚህ «እኛም እንደ ወፎቹ ነን» ብዬ አላታልላችሁም። ነገር ግን ወፎቹ በሰው አገር ሆነው የሚያደርጉትን ማወቅ ይጠቅመናል።

ያቺ ባለ መቀስ ጭራዋ ወፍ አፍሪካ ስትደርስ የክንፍና የጭራ ላባዋ በረጅሙ መንገድ አርጅቷል። አዲሱን ላባ የምታበቅለው እዚህ በአፍሪካ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ብትጥለው መብረር አቅቷት በረሃብ ትሞት ነበር። ስለዚህ አንዱን ትጥላለች፣ እስኪተካ ትጠብቃለች፣ ቀጥላ ሌላውን ትጥላለች፤ ሥራው ወራት ይፈጃል። ከሩቅ ለሚያያት ነፍሳት እያሳደደች ቀኑን የምትገፋ ብቻ ትመስላለች። የምትመለስበትን ክንፍ ግን እየሠራች ነው። ይህን ወቅት በከንቱ ብታሳልፈው የመመለሻው ቀን ሲደርስ የምትበርበት ላባ አይኖራትም ነበር።

ዜማውም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ ወንድ ወፎች የሚዘምሩት በሚራቡበት አገር ነው፤ ዜማው ቦታ ማስከበሪያና ሴት መጥሪያ ነውና። እዚህ በአብዛኛው የሚያሰሙት አጫጭር ድምፅ ብቻ ነው። አንዳንድ ዝርያዎች ግን የመመለሻ ጊዜያቸው ሲቃረብ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ሆነው ይዘምራሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይህ ነው፤ ወፍ በእርግጥ እንዳገሯ ትጮኻለች፣ ነገር ግን አንዳንዷ ዜማዋን የምታነሣው በሰው አገር ሳለች ነው። ልጆቻችሁ በዚህ ካምፕ ፊደል መቁጠራቸውና ሒሳብ መማራቸው ጊዜ ማሳለፊያ ለሚመስላችሁ ወላጆች ይህን በትሕትና አሳስባለሁ።

ወንጭፍ ለያዙ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። አንድ ነጭ ወገብ ሥጋው ለአንድ ጉርሻ አይበቃም። ወፎቹ እዚህ የሚደርስባቸው ነገር በሌላ አገር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሰሃራ ደቡባዊ ዳርቻ በሳሕል ድርቅ ሆነ። በ1969 ጸደይ የእንግሊዝ ገበሬዎች በየአጥሩ ይሰሙት ከነበረው አንድ ትንሽ ዘማሪ ወፍ ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ አልተመለሰም ነበር። በሳሕል ውሃ ሲጠፋ በእንግሊዝ አገር አጥር ዝም አለ። እዚህ የምትወረወር ጠጠርም እንዲሁ የሩቅ ጎጆ ባዶ ታደርጋለች። ስለዚህ ወንጭፉ ቤት ይቅር፤ እጃችሁ እርሳስ ይያዝ።

ከጉዞው በኋላ

ለጉዞው የወጡ ተማሪዎች ሁሉ በደብተራቸው ላይ አራት ዓምድ ይሥሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ የወፉ መልክ፣ ሲያደርግ የታየው ነገር፣ ስም። በስም ዓምድ ላይ የፈረንጅ ስም መፈለግ ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ እናትና አባታችሁን፣ አያቶቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ። ወላጆቻችን በአማርኛ፣ በአኙዋ፣ በኑዌር፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የወፍ ስም ያውቃሉ፤ የባሪ ጎረቤቶቻችንም በራሳቸው ቋንቋ ያውቃሉ። እነዚህ ስሞች በመጽሐፍ ያልተጻፉ ስለሆኑ ካልጠየቅናቸው ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ይጠፋሉ።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የአውሮፓ ክረምትና የእኛ ክረምት በምን ይለያያሉ? ወፎችን ከአገራቸው የሚያስወጣቸው ዋናው ምክንያት ምንድን ነው?
2. ሽመላ ባሕርን በቀጥታ የማያቋርጠው ለምንድን ነው? ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከፍ ብሎ ሲያንዣብብ የማናየውስ?
3. አንድ ነጭ ወገብ 14,500 ኪሎ ሜትር በቀን 290 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቢጨርስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?
4. ስዋሎው ላባዋን ሁሉ በአንድ ጊዜ የማትጥለው ለምንድን ነው?
5. በአገራችሁ «የመስቀል ወፍ» ሲባል የትኛዋን ወፍ ታስባላችሁ? ከወላጆቻችሁ ጠይቃችሁ መልኳን ግለጹ።

የየቤተሰቡ ዝርዝር ተሰብስቦ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስሙን የማታውቁት ወፍ ካለ መልኩን ጽፋችሁ የስሙን ቦታ ክፍት ተዉት፤ ልጁን ለማድረስ የሚመጣ ሌላ ወላጅ አንብቦ ሊሞላው ይችላል።